ከካቡ ውስጥ የተቆፈረው ጉድጓድ

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንድ ቀን አይታኝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ትፈልግልኝ ነበር። ተቀምጬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ባጃጅ ሳይቆም እግሬን አወጣለሁ፣ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ መልስ እሰጣለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ሲል ዝምታውን የምሞላው እኔ ነኝ። የሥራ ጓደኞቼ «አንቺ እኮ ለቅሶ ቤት ሰውዬው ሳይሞት ነው የምትደርሺው» ይሉኛል። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ከዚህ በታች የምታነቡት ጣጣ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው። እዚያ ከነበሩት ሌላ እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴና ለእህቴ ብቻ ነው የተናገርኩት።

ተወልጄ ያደግኩት ናዝሬት ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ሲሆን፣ ሹም አቦ ሰፈር ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው። ከየቦታው በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ይመጣልኛል፣ እመረምረዋለሁ፣ በመጨረሻም «ለመጠጥ ይሆናል» ወይም «ለመጠጥ አይሆንም» ብዬ እፈርማለሁ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ ነበር የማምነው።

በሰፈራችን ደብር የሰበካ ጉባኤው የልማት ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። ሰብሳቢያችን አቶ ፋንታሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ጊዜ ከሐይቁ ዳር ካለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ካህናት መጥተው ለቅዳሴ የሚሆን ልብስ ሲለምኑን፣ አቶ ፋንታሁን «ሌላስ ምን ቸገራችሁ?» ብለው ጠየቁ። «ውሃ» አሉ። ጣና አፍንጫቸው ሥር ተኝቶ ውሃ ቸገረን ሲሉ አንዳንዶቻችን ፈገግ አልን። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የዚያን ዳርቻ ውሃ መርምሬ «አይሆንም» ብዬ የፈረምኩት ራሴ ነበርኩ። ምእመናኑ አዋጡ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ የእጅ ፓምፕ እንዲተከል ተወሰነ።

የት ይቆፈር የሚለው ግን ሁለት ወር ፈጀ። አንዱ «ማሳዬን አትንኩ» ይላል፣ ሌላው «እዚያማ የከብት መዋያ ነው» ይላል። በመጨረሻ መንደሩ በተሰበሰበበት እኔ ነኝ ብድግ ብዬ «ለምን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አይሆንም?» ያልኩት። «ጠብ የለበትም፣ ከብት አይደርስበትም፣ ሌባ አይነካውም።» ወንዶቹ ወዲያው ተስማሙ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር፤ አንዷም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ሴቶችም ተገኝተው ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ለግንቦት ንግሥ እንዲደርስ ቆፋሪዎቹን መተንፈሻ አሳጣኋቸው። ደረሰም። ተመረቀ፣ እልል ተባለ፣ ፎቶ ተነሳን።

በሐምሌ ኮሚቴው ሌላ መንደር ሁለተኛ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት የመጀመሪያውን ሄዶ እንዲያይ ተወሰነ። ጉብኝቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። እኔ ቅዳሜ ቀድሜ ሄድኩ፤ ፎቶ ላነሳ፣ ለምርመራ የሚሆን ውሃ ልቀዳ፣ ሪፖርቴንም እዚያው ላሰናዳ። ባጃጁ መንገዱ ከሚያልቅበት አወረደኝና የቀረውን አንድ ሰዓት በጭቃ በእግሬ ተጓዝኩ። መንገድ ላይ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። የወር አበባዬ ሊመጣ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር፤ ሰውነቴም እንደኔው ችኩል ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ የሚያስፈልገኝን አደረግኩና ጉዞዬን ቀጠልኩ። ምን እንደሚያስከትልብኝ ያሰብኩት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሼ እግሬ በራሱ ጊዜ ሲቆም ነው።

በእነዚያ ቀናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልገባም። እናቴም አትገባም ነበር። ከውጭ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ ማንም አስገድዶኝ አይደለም፣ እንዲህ ሆኜ ነው ያደግኩት። ፓምፑ ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ ቆሟል፤ ሰማያዊ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ስልኬን አውጥቼ ከበሩ ሆኜ ፎቶ ላነሳው ስል፣ በግራዬ በኩል ከድንጋዩ ካብ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣ አየሁ። ሕፃን ታቅፋለች፤ ባዶ ጀሪካን ከጎኗ አለ።

«እንደምን ዋልሽ? ሰው ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«አዎ እታለም፤ የሚገባ ሰው።»

«ለምን?»

«ውሃ እንዲቀዳልኝ።»

«አንቺስ ለምን አትገቢም?» ካልኩ በኋላ የታቀፈችውን ሕፃን አየሁና ቃሉን መልሼ መዋጥ አማረኝ። እሷ ግን በትዕግሥት መለሰችልኝ።

«ወንድ ልጅ ወለድሁ። ዛሬ ሃያ አንድ ቀኔ ነው። ከአርባ ቀኔ በፊት በየት እግሬ እገባለሁ?»

ይታይሽ ትባላለች። ባሏ ዱርቤቴ የቀን ሥራ ሄዷል፤ ቤት ያሉት አማቷ ዓይናቸው አያይም። «ታዲያ ሰው ካልመጣስ?» አልኳት። በአገጯ ወደ ሐይቁ አመለከተችኝ። የዚያ ሰዎች ጣናን ባሕር ነው የሚሉት። «ሰው ሲጠፋ ከባሕሩ እቀዳለሁ። ጎረቤት ያመጣልኛል፤ ግን በየቀኑ ሰው ማስቸገር ያሳፍራል።»

«እንዲህ የምትጠብቂው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«ምን እኔ ብቻ! ሁላችንም በየተራችን ነው እንጂ። ሴት ሁና ደጅ የማትቀር አለች?»

ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በኮሚቴው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አቶ ፋንታሁን ይህን ባያስቡት አይፈረድባቸውም፣ ሚስታቸውንም ከቀበሩ ቆይተዋል። እኔ ግን በየወሩ ከበር የምመለስ ሴት ሆኜ፣ የጉድጓዱን ቦታ ለማሳየት ወረቀት ላይ ክብ ስሠራ ያ ክብ ከካቡ ውስጥ መሆኑን እንደ ጥቅም እንጂ እንደ ሌላ ነገር አላየሁትም። እነዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች በካህናትና በባሎቻቸው ፊት ምን ብለው እንዲናገሩ ጠብቄ ነበር?

«ዛሬ ደግሞ ገበያ ነው» አለች ይታይሽ፤ «ከጧት ጀምሮ አንድ ሰው አልመጣም። እኔም ልቤ ቤት ነው። ልጄ ታማብኛለች።»

«የቷ ልጅሽ?»

«ትልቋ። ከትናንት ጀምሮ ይወርዳታል፣ ያስመልሳታል።»

«ምን ጠጥታ?» አልኳት። መልሱን አውቀዋለሁ። ጀሪካኗን አነሳች። እንሂድ አልኳት።

ትልቋ የተባለችው ሁለት ዓመቷ ነው። አትጠገብ ትባላለች። አማትየው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋታል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ስንት ዓመት ሙሉ በቆሸሸ ውሃ ስለሚመጣ በሽታ የማነበው ለፈተና ብቻ አልነበረም። በቦርሳዬ ካለው የታሸገ ውሃ መንገድ ላይ ጠጥቼ የተረፈኝ ሁለት ጉንጭ ያህል ነው። በክዳኑ እየለካሁ ሰጠኋት። መጀመሪያውን አስመለሰችው፤ ቀጣዩን ዋጠችው፤ አለቀ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ከመንደሩ ማዶ ነው። ሮጥኩ። ስደርስ አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት ልታይ በር ላይ ነበረች። ሁለት ከረጢት ለምለም፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ሰጠችኝና እየሄደች ነው የተናገረችኝ። «አንዱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪው። በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ከባሕሩ ውሃ ከሆነ አፍልታችሁ አብርዱት። እኔ ስጨርስ እመጣለሁ፤ እስከ ማታ ካልሸናች ግን ተሸክመን ወደ ጤና ጣቢያ ነው።»

ተመልሼ ስገባ ይታይሽ ከባሕሩ የተቀዳ ውሃ ምድጃ ላይ ጥዳ እሳቱን ትነፋለች። የሐምሌ እንጨት ይታወቃል፤ ጭሱ ቤቱን ሞላው እንጂ አልነደደም። እኔም ተንበርክኬ ነፋሁ። ዓይኔ አለቀሰ። ውሃው ለብ ማለት እንኳ አልጀመረም። እስኪፈላ አንድ ጊዜ፣ እስኪበርድ አንድ ጊዜ። አትጠገብ ስትነጫነጭ ቆይታ ዝም አለች። ያኔ ነው የፈራሁት። ታማሚ ልጅ ማልቀስ ሲያቅተው የሚያስፈራውን ያህል ሲያለቅስ አያስፈራም።

ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁ።

በሩ ላይ ሰው የለም። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ተጣራሁ። ከግቢው ዛፎች ላይ ወፎች ተነሱ እንጂ ማንም አልወጣም። ወደ መንገዱ ሄጄ አየሁ፤ ባዶ ነው። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ከበሩ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ በሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ፓምፑ እዚያ ቆሟል። የኔ ፓምፕ። ሃያ እርምጃ።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ምን ያስጨንቃል? ገብታ አትቀዳም?» ትሉ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እንዴት አሰብሽው ትሉኛላችሁ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ በዚያች ሰዓት ሁለታችሁም ውስጤ ሆናችሁ ስትጨቃጨቁ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ደፍ በዚያ ሁኔታ ረግጬ አላውቅም። ሥርዓትን በመናቅ የምኩራራ ሰው አይደለሁም። ፈራሁ። እግዚአብሔርን ፈራሁ፣ ሰውንም ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ልጅ ዝም ብላ እንዳትቀር ፈራሁ። ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ።

እጀታውን ዝቅ ከፍ ሳደርገው ፓምፑ ሲንቋቋ ድምፁ አገር የሚሰማው መሰለኝ። ጀሪካኑ ግማሽ ሲደርስ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ጥበቡ ናቸው። በምረቃው ቀን አጠገባቸው ቆሜ ነው ፎቶ የተነሳሁት።

«ማነሽ?» አሉ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ትዕግሥት ነኝ አባ። ከባሕር ዳር።»

«አ፣ ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና መጣሽ። ምነው ታዲያ ሳትሳለሚ ወደ ውሃው?»

ጨዋ ሰው ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይሳለም ወደ ሌላ ነገር አይሄድም። መዋሸት እችል ነበር፤ ቸኩዬ ነው ብል ያምኑኛል። ግን እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር አልሆነልኝም።

«አባ፣ መግባት የማይገባኝ ቀን ላይ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ ተንጋግተው ወጡ። «የይታይሽ ልጅ እየሞተች ነው። ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል መድኃኒቱ። እሷ አራስ ናት፣ መግባት አትችልም፤ እኔም አልችልም፤ ተጣራሁ፣ የሚሰማ የለም። ምን ላድርግ?»

እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። ቄሰ ገበዙ ጀሪካኑን አዩት።

«ሞልቷል?»

«ግማሽ ነው።»

«በይ አንቺ ውጪ። የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ።»

ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ሆኜ ሳያቸው በዚያ ዕድሜያቸው ሁለት እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ይጫናሉ። ጀሪካኑን እስከ በሩ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ጆሮዬ ደክሟል፤ ስትጣሪ አልሰማሁም» አሉኝ። ከዚያ ይታይሽ ተቀምጣበት የነበረውን ድንጋይ አዩ። «ያቺ ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው ለውሃ እዚህ የምትቆመው?»

«ከወለደች ጀምሮ ነው አባ። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ በየተራቸው።»

«ሌሎቹም?» ድምፃቸው ወረደ። «በየቀኑ አያቸዋለሁ እኮ። ከበር ቆመው ሳያቸው ሊሳለሙ የመጡ ነበር የመሰለኝ። የሴቶቹ እምነት ጠና እያልሁ አምላኬን ሳመሰግን ነበር፤ እነሱ ለካ ውሃ ጠምቷቸው ነው።»

ጀሪካኑን አነሳሁ። «ሂጂ፣ ልጂቱ እንዳትቀድምሽ» አሉኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ አንድ ወር ረዘመብኝ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ማረፍ፣ አንድ ማንኪያ። ይታይሽ ትሰጣለች፣ እኔ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ። አማትየው በመጨረሻ «አንቺ ልጅ፣ ዓይን ባይኖረኝም አዞርሽኝ፤ ተቀመጪ» አሉኝ። የጤና ሠራተኛዋ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች፤ አይታት «ቀጥሉ» አለች። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል አትጠገብ የእናቷን ቀሚስ አረጠበችው። በሕይወቴ ስንት ጥሩ ዜና ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ልጅ ሽንት ያስደሰተኝ ግን የለም። ይታይሽ የረጠበውን ቀሚሷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ የኛ ሰዎች መጡ። አቶ ፋንታሁን ፓምፑን አዩ፣ ቀምሰውም «ግሩም ነው» አሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ከበሩ ውጭ ከሴቶቹ ጋር ነኝ።

«ትዕግሥት! ግቢና ሪፖርትሽን አቅርቢ እንጂ» ብለው ተጣሩ አቶ ፋንታሁን።

«አልገባም ጋሼ።»

«እንዴት አትገቢም?»

በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ምን ልበል? ቄሰ ገበዝ ጥበቡ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። «እሷ ካልገባች እኛ እንወጣለን። የሚነገረው ነገር የሚነገረው ውጭ ነው» አሉና ቀድመው ወጡ። የተቀመጠው ሁሉ እየተገረመ ተከተላቸው። ስብሰባው ከካቡ ሥር፣ ከሴቶቹ አጠገብ ሆነ።

ተናገርኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን፣ መሳሳቴን፣ ሴቶች በየወሩ ስንት ቀን፣ አራሶች ደግሞ አርባና ሰማንያ ቀን ከውሃው እንደሚቀሩ ነገርኳቸው። ያዘጋጀሁትን ሪፖርት ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል፣ አንዳንዱ ያስላል። ቄሰ ገበዙ ቀጠሉ። «ጉድጓድ አይነሳም። ካብ ግን ይነሳል። በዚህ በኩል ካቡ ወደ ውስጥ ቢገባ ውሃው ከውጭ ይቀራል፤ ለቤተ ክርስቲያናችንም ያለው ግቢ ይበቃታል። የሚመለከታቸውን አባቶች እኔ ሄጄ አስፈቅዳለሁ።»

አቶ አላምረው የተባሉ ሽማግሌ ተነሱ። ካቡን በራሳቸው ወጪና ጉልበት ያስካቡት እሳቸው ናቸው፤ ታመው ሲድኑ የተሳሉት ስእለት ነው። «ቄሰ ገበዝ፣ ስእለቴን ሊያፈርሱብኝ ነው?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ተጎድተው ነው። «ሴቶቹ ይቸገሩ አላልሁም። በየቀኑ ሰው ይመደብና እየቀዳ ደጅ ያስቀምጥላቸው። ለዚህ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ካብ ይፈርሳል?»

«እሱማ ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ አቶ ፋንታሁን ቶሎ ብለው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም። ፈጣን ነው፣ ማንም አይቀየምም፣ ዛሬውኑ ይጀመራል። አፌን ስከፍት ከሴቶቹ መካከል አንዲት እናት ቀደሙኝ። የአቶ አላምረው ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው።

«ሰው ይመደብ ትላለህ» አሉ ባላቸውን እያዩ። «ለወርቄ ማን ተመደበላት?»

ወርቄ ልጃቸው ናት፤ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እንደ ደንቡ እናቷ ቤት መጥታ ነበር።

«እኔ በወባ ተኝቼ ነበር፤ አንተ እርሻ ነህ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ሴት ልጅ ናት የወለደችው፣ ሰማንያ ቀን ደጅ ናት። አራት ቀን ከባሕሩ ቀዳች። ለሕፃኗ አብሹን የዘፈዘፈችው በዚያው ውሃ ነው። በሰኔ ክርስትና ሳትነሳ ከዚህ ካብ ውጭ ቀበርናት። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። የተናገርሁ እንደሁ ልጄ ላይ ነው የሚፈረድ ብዬ።»

አቶ አላምረው ሚስታቸውን አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። ውሃ ትመረምሪያለሽ አሉ። በውሃው ነው የሞተችው?»

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር በኔ አንድ ቃል ላይ ነበር። አዎ ብል ካቡ በዚያው ቀን ይነሳል። ሴቶቹ ያዩኛል፤ ይታይሽ ታየኛለች። አቶ ፋንታሁን እንኳ በዓይናቸው «በይ እንጂ» የሚሉኝ መሰለኝ። ለበጎ ነገር የሚነገር አንዲት ቃል ናት። ግን የማላውቀውን ነገር ነው የጠየቁኝ፤ የጠየቁኝም የልጅ ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው።

«አላውቅም አባቴ» አልኩ። «የባሕሩን ውሃ መርምሬ ለመጠጥ አይሆንም ብያለሁ። ያቺን ሕፃን የወሰዳት እሱ ነው ብዬ ግን መማል አልችልም። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል።»

አቶ አላምረው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። ስንመለስ ጭቃው ውስጥ አቶ ፋንታሁን ጠጋ ብለው «አዎ ማለት ይህን ያህል ከበደሽ?» አሉኝ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንቅልፍ የነሱኝ ነበሩ። መሥሪያ ቤት ጠርሙስ በእጄ ይዤ ፈዝዤ እቀራለሁ። የሕፃኗን ዕድሜ ከምረቃው ቀን ጋር አስተያያለሁ፤ ቦታው ሌላ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስላለሁ፤ ከዚያ አላውቅም ያልኩት ትዝ ይለኝና እንደገና እጀምራለሁ። የንስሐ አባቴ ስለ መግባቴ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ስለ ሕፃኗ ግን «እሱን ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገሪበት» ብቻ አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የጤና ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። አትጠገብ ደኅና ናት፣ ትሮጣለች። ቄሰ ገበዙ ፈቃድ ይዘው ተመልሰዋል። ካቡ እየተነሳ ነው። የሚያነሱት አቶ አላምረው ናቸው።

«ማን አሳመናቸው?» አልኳት።

«ማንም አላሳመናቸው። ፈቃዱ መምጣቱን እንደሰሙ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ጀመሩት። አንድ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ወደ ውስጥ ወስደው ይክባሉ፣ ይመለሳሉ። ለሁለት ቀን ማንንም አላስነኩም። ቄሰ ገበዙ ሄደው ምን አሳሰበዎት ቢሏቸው ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ‹ያቺ ልጅ አዎ ብትለኝ ኖሮ በውሃው ሳይሆን በእሷ እናደድ ነበር፤ ካቤንም አላስነካም። አላውቅም ስትለኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳላውቅ አደርሁ። ሳላውቅ እንዴት አቁሜው ልኑር?› አሉ።»

ስልኩን ዘግቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ባጃጆች ጥሩምባ ይነፉብኛል።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ጠባዬ ያው ነው፤ ዛሬም ባጃጅ ሳይቆም እግሬን አወጣለሁ። ነገር ግን ለሁለተኛው መንደር ጉድጓድ ቦታ ስንመርጥ ከወንዶቹ ስብሰባ በፊት ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ለዚያውም ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ሄጄ አነጋገርኩ። ቃለ ጉባኤ አልያዝኩም። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ እኔም እንደምንም ዝም አልኩ። ከዚያ አንዷ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ቦታውን የመረጡት እነሱ ናቸው። በምርመራ ወረቀቴ ላይም ከፊርማዬ በላይ ማንም ያላዘዘኝን አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ወደዚህ ውሃ መድረስ የማይችል ማን ነው?» አንዳንዱ አለቃ ይሰርዘዋል፤ እኔ መልሼ እጽፈዋለሁ። እናንተም ለሰው መልካም ነገር ስትሠሩ፣ ደብርም ሁኑ መሥሪያ ቤት፣ ደጅ የቆመ ሰው ብታዩ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጠይቁት። ሊሳለም የመጣ አይምሰላችሁ።

ወርቄን እስከ ዛሬ ፊት ለፊት አላገኘኋትም። ወደ ባሏ ቤት ተመልሳለች፤ ሁለት ጊዜ ልጠይቃት ተነስቼ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመልሻለሁ። አባቷ የጠየቁኝን ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው፤ ሌላ የለኝም። «አላውቅም» የሚለው ቃል አባቷን ካብ አስነስቷቸዋል፤ ለሕፃኗ እናት ግን እንዴት ተብሎ እንደሚነገር አላወቅኩም።